ሁለት ሰርቨር ስላለ ብቻ አይበቃም፦ የክትትል ሥርዓታችን ብልሽትን እንዲቋቋም ያደረግንበት መንገድ

ያን ሌሊት ስልኬ አንድ ጊዜ እንኳ አለመጮኹን ሳስብ ዛሬም ይከነክነኛል። የምሠራበት ድርጅት በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በርካታ ቅርንጫፎች አሉት፤ የሁሉንም ሰርቨር፣ ራውተር፣ ስዊችና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) የሚከታተለው ግን ዛቢክስ የተባለው የክትትል ሶፍትዌር የተጫነበት አንድ ሰርቨር ብቻ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም የዚህ ሰርቨር ዲስክ ሞላ፤ ዲስኩ ሲሞላ ዳታቤዙ ቆመ፤ ዳታቤዙ ሲቆም ማስጠንቀቂያ የሚልክልን ሁሉ አብሮ ዝም አለ። እኛም ዝምታውን እንደ ሰላም ቆጥረን ተኛን። ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ የዋናው ሥራ ሰርቨር ከስቶሬጁ ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል፤ እኛ ይህን የሰማነው ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቅርንጫፎች ሥራ መጀመር አቅቷቸው ሲደውሉ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ የክትትል ሥርዓቱን ብልሽት የሚችል ለማድረግ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶብናል። ይህን ያህል ጊዜ የወሰደው ሥራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ አብዛኛውን ነገር ተሳስተን ስለ ተማርነው ነው። የመጫኛ ትእዛዞቹን በየመመሪያው ታገኟቸዋላችሁ፤ እኔ የምተርከው መመሪያው ላይ ተጽፎ እያለ እንኳ ያላስተዋልነውን፣ ወይም ጭራሽ ያልተጻፈውን ነው።

ዛቢክስ በአሌክሲ ቭላዲሼቭ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የቀረበ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ለብዙ ዓመታት ሁለት የዛቢክስ ሰርቨሮችን ማጣመር የፈለገ ሰው እንደ ፔስሜከርና ኮሮሲንክ ያሉ የውጭ መሣሪያዎችን መጠቀም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 የወጣው ስሪት 6.0 ግን ክላስተርን፣ ማለትም ሰርቨሮችን አጣምሮ እንደ አንድ የማሠራት ዘዴን፣ በራሱ ውስጥ ይዞ መጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ኖዶች (የክላስተሩ አባል ሰርቨሮች) ከአንድ ዳታቤዝ ጋር ይገናኛሉ፤ አንዱ ብቻ ንቁ ሆኖ ይሠራል፣ ሌሎቹ ተጠባባቂ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ኖድ በየ5 ሰከንዱ በሕይወት መኖሩን ዳታቤዙ ላይ ይመዘግባል። ንቁው ኖድ ለ1 ደቂቃ ያህል ምልክት ካልሰጠ ተጠባባቂው ሥራውን ይረከባል። ይህን የመጠበቂያ ጊዜ ከ10 ሰከንድ እስከ 15 ደቂቃ ባለው ክልል ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ኖዱን የክላስተር አባል የሚያደርገው በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ላይ የሚሰጠው የኖድ ስም ነው፤ ያ መስመር ባዶ ከሆነ ሰርቨሩ ብቻውን እንደሚሠራ ይቆጠራል።

ሁለቱን ኖዶች በሁለት ሳምንት ውስጥ አቆምን። የኃላፊዎቻችን ስብሰባ በተጠራበት ዕለት የመጀመሪያውን ኖድ በትእዛዝ አቆምኩት፤ ሁለተኛው ወዲያውኑ ተረከበ፤ ሁሉም ደስ አላቸው። ትልቁ ስሕተቴ የተሠራው እዚያ ስብሰባ ላይ መሆኑን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። አንድ ኖድ በሥርዓት እንዲቆም ሲታዘዝ «እኔ መቆሜ ነው» ብሎ ለዳታቤዙ አስታውቆ ይወጣል፤ ተጠባባቂውም ሳይጠብቅ ይረከባል። እውነተኛ ብልሽት ግን ተሰናብቶ አይሄድም። ስለዚህ ክላስተራችሁን ስትፈትኑ ሰርቪሱን በትእዛዝ በማቆም ብቻ አትርኩ። ፕሮሰሱን በድንገት ግደሉት፣ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር ያሳያችኋል።

እኛ ሳንፈትነው መብራት ፈተነልን። ክረምት ላይ ነበር፤ መብራት ጠፋ፣ ጀነሬተሩ ለመነሳት ዘገየ፣ ሁለቱም የክትትል ሰርቨሮች በአንድ ቅጽበት ጠፉ። አለቃዬ «ሁለት ሰርቨር ገዝተንልህ አልነበረም እንዴ?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ከሰዓት በኋላ የሕንፃው ኤሌክትሪሽያን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ሰርቨሮቹ ከተደረደሩበት መደርደሪያ፣ ከራኩ፣ ጀርባ ተንበረከኩ። ከሁለቱ ሰርቨሮች የሚወጡትን አራት ጥቁር ገመዶች አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱና ታችኛው ማከፋፈያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ልጄ፣ ና እየው፤ አራቱም እኮ እዚሁ አንድ ቦታ ላይ ነው የተሰኩት» አሉኝ። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት የኃይል መግቢያ ነበረው፤ አራቱም መግቢያዎች ግን ከአንድ ዩፒኤስ ላይ በሚነሳ አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ነበር። ጋሼ በዚያው ቀን ቢጫ ቴፕ አምጥተው የአንደኛውን ዩፒኤስ ገመዶች ሁሉ ጠቀለሉልን፤ ሰማያዊውን ደግሞ ለሌላኛው። ዛሬም ማንም ሰው ራኩን ከፍቶ ሁለት ቢጫ ገመድ አንድ ሰርቨር ላይ ካየ ስሕተት መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄዬን ቀየርኩ። «ስንት ኖድ አለን?» ማለቴን ትቼ «እነዚህ ኖዶች የሚጋሩት ምንድን ነው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። መልሱን በወረቀት ላይ ስጽፈው አስደነገጠኝ፦ አንድ ዩፒኤስ፣ አንድ ስዊች፣ አንድ ክፍል፣ አንድ አየር ማቀዝቀዣ፣ አንድ የዲኤንኤስ ሰርቨር (የማሽኖችን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉም)፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ዳታቤዝ። ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ አካላዊ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሰርቨር) ለምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል፤ ሁለቱ ኖዶች በአንድ አካላዊ ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ሊሆን ይችላልና፣ ሁልጊዜ ተለያይተው እንዲቀመጡ የሚያስገድደውን ደንብ በቨርቹዋላይዜሽን መቆጣጠሪያው ላይ አስገቡ። አንድ ጊዜ ለይታችሁ ማስቀመጣችሁ አይበቃም፤ ማሽኖች ጭነትን ለማመጣጠን ከቦታ ቦታ ይዛወራሉ።

አሁን ወደ ዳታቤዙ ልምጣ፤ ከሁሉ የከፋው ነገር የደረሰብን እዚህ ላይ ነውና። የዛቢክስ የራሱ ክላስተር የሚጠብቀው የዛቢክስን ሰርቨር ብቻ ነው። ዳታቤዙን አይጠብቅም፤ እንዲያውም ማን ንቁ እንደሆነ የሚወሰነው በዳታቤዙ አማካይነት ስለሆነ፣ ዳታቤዙ ሲወድቅ ሁለቱም ኖዶች ሥራ ፈት ይሆናሉ። እኛ የምንጠቀመው ፖስትግሬስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ ነው። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሕንፃ ውስጥ አቆምንና ከዋናው ላይ በተከታታይ እንዲቀዳ አደረግን። ይህ ትክክል ነበር። ዋናው ሲወድቅ ቅጂውን ወደ ዋናነት የሚያሳድገውን ሥራ ግን እኔ በጻፍኩት አጭር ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ላይ ጣልኩት። ስክሪፕቱ ከቅጂው ሰርቨር ላይ ሆኖ ዋናውን በፒንግ፣ «አለህ ወይ?» በሚል አጭር የኔትወርክ ምልክት፣ ይጠይቃል፤ ለ30 ሰከንድ መልስ ካጣ ቅጂውን ያሳድጋል። ይኸው ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባልደረባችን በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ያለውን የፋይበር ገመድ ለማስተካከል ነቀለው። ዋናው ዳታቤዝ ምንም አልሆነም፤ አንደኛው የዛቢክስ ኖድም እየጻፈበት ነበር። ከማዶ ያለው ስክሪፕት ግን ዋናው የሞተ መሰለውና ቅጂውን አሳደገ፤ ቀደም ብለን ወደዚያው ሕንፃ ያዛወርነው ሁለተኛው ኖድም አዲሱን ዳታቤዝ አግኝቶ፣ የባልንጀራውን ምልክት ስላጣ ራሱን ንቁ አደረገ። ለ40 ደቂቃ ያህል ሁለት ዋና ዳታቤዝና ሁለት ንቁ ኖድ ነበረን። ባለሙያዎች ስፕሊት ብሬይን ይሉታል፤ እኛ ቢሮ ውስጥ «ሁለት አለቃ» እያልን ነው የምንጠራው። አንዱ ወገን የዚህኛው ሕንፃ መሣሪያዎች ሞተዋል ይላል፣ ሌላኛው የዚያኛው ሞተዋል ይላል፤ ሁለቱም ማስጠንቀቂያ ይልካሉ። ፋይበሩ ሲመለስ ሁለቱ ዳታቤዞች የማይታረቁ ሆነው ተገኙ፤ እያንዳንዳቸው ሌላው የማያውቀውን ታሪክ ጽፈዋልና። በመጨረሻ አንዱን መርጠን የሌላውን የ40 ደቂቃ መዝገብ መጣል ግድ ሆነብን። በዚያ መዝገብ ውስጥ ተረኛው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ የጻፋቸው ማብራሪያዎች ነበሩ፤ እነሱም አብረው ጠፉ።

ከዚህ የተማርኩትን አጥብቄ እነግራችኋለሁ፦ ሁለት ወገን ብቻ ባለበት ቦታ፣ «እሱ ሞተ» እና «እኔ ተቆረጥኩ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች መለየት የሚችል የለም። ሦስተኛ ምስክር ያስፈልጋል። በማኅበርም ሆነ በምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ውሳኔ እንደማይተላለፍ ሁሉ፣ ክላስተርም ከግማሽ በላይ አባላቱ ካልተገናኙ መሪ መምረጥ የለበትም። እኛ ፓትሮኒ የተባለውን መሣሪያ መረጥን። ፓትሮኒ ማን ዋና እንደሆነ የሚመዘግበው እንደ ኤትሲዲ ባለ የጋራ መዝገብ ላይ ነው፤ ኤትሲዲ ደግሞ ራፍት በተባለው ስልት አባላቱን እያስማማ ይሠራል። ዋናው ዳታቤዝ መሪነቱን በየጊዜው ማደስ አለበት፤ በተለመደው አቀማመጥ በ30 ሰከንድ ውስጥ ካላደሰ መሪነቱ ይሻርና ራሱን ወደ ተነባቢነት ያወርዳል። ፋይበሩ ሲቆረጥ ከአብዛኛው የተነጠለው ወገን መጻፉን ያቆማል ማለት ነው።

እዚህም ላይ ቢሆን አንድ ስሕተት ሠርተናል። መጀመሪያ ኤትሲዲን ሁለት አባላት ብቻ አድርገን ጫንነው። ከሁለት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚባለው ሁለት ነው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ብቻውን መወሰን አይችልም። ሁለት አባል ያለው ኤትሲዲ ምንም ብልሽት የማይችል ከመሆኑም በላይ የሚበላሽ ነገር ቁጥር ይጨምራል። ሦስት አባላት የአንዱን፣ አምስት አባላት የሁለቱን መውደቅ ይችላሉ፤ አራት ግን ከሦስት የተሻለ ነገር አይሰጥም። ሦስተኛውን አባል ከሁለቱ ሕንፃዎች ውጭ፣ በአንድ ቅርንጫፍ ውስጥ ባለ አነስተኛ ማሽን ላይ አስቀመጥነው። ኤትሲዲ ለዲስክ መዘግየት በጣም ስሱ ነውና ማሽኑ ትንሽ ቢሆንም ዲስኩ ፈጣኑ ዓይነት፣ ኤስኤስዲ፣ ይሁን፤ የመጀመሪያዋ ማሽን አሮጌ ዲስክ ስለነበራት መሪው ያለ ምክንያት ሲቀያየር ከርመናል።

ዳታቤዙን ሳልጨርስ አንድ ሌላ ወጥመድ ላንሳ። ቅጂው ወደ ኋላ እንዳይቀር ዋናው ዳታቤዝ የለውጥ መዝገቦቹን እንዲያቆይለት የሚያደርግ ስሎት የተባለ ነገር አለ። ቅጂው ለጥገና ወጥቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይመለስ ሲቀር፣ ዋናው ዳታቤዝ መዝገቦቹን ለእሱ ሲያከማች ከርሞ ዲስኩ 94 በመቶ ደረሰ። ሁሉም ነገር የተጀመረው በሞላ ዲስክ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከፖስትግሬስኪውኤል ስሪት 13 ጀምሮ ስሎት የሚይዘውን መጠን መገደብ ይቻላል፤ ተለምዷዊው አቀማመጥ ግን ገደብ የለሽ ነው። እባካችሁ ገደብ አብጁለት። ቅጂው ከገደቡ በላይ ከዘገየ እንደገና መገልበጥ ይኖርባችኋል፤ ይህ ዋናው ከሚቆም እጅግ ይሻላል። ቅጂ ባክአፕ አለመሆኑንም አትርሱ፤ አንድ ሰው በስሕተት የሰረዘው ነገር በሰከንዶች ውስጥ ከቅጂውም ላይ ይሰረዛል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው እውነተኛ ልምምድ የጀመርነው። በአንድ እሑድ ጠዋት የንቁውን ኖድ የኤሌክትሪክ ገመዶች፣ ቢጫውንም ሰማያዊውንም፣ በእጄ ነቀልኳቸው። ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ኖድ ተረከበ፤ እፎይ አልን። ነገር ግን የክትትል ገጹን ስንከፍት ሰርቨሩ እየሠራ አይደለም ይላል። የድረ ገጹ ኮንፊገሬሽን ፋይል ላይ የመጀመሪያው ኖድ አድራሻ በቋሚነት ተጽፎ ነበር፤ በክላስተር አሠራር ያ መስመርና የፖርቱ መስመር ከሥራ ውጭ መሆን አለባቸው፣ ያኔ ገጹ ንቁውን ኖድ ከዳታቤዙ ላይ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። እሱን አስተካከልን። ቀጥሎ ከመሣሪያዎቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት መረጃ መላክ አቁመው አገኘናቸው። ለአንዳንዶቹ ምክንያቱ በፋየርዎሉ ላይ ወደ ሁለተኛው ኖድ የሚወስደው ፖርት 10051 አለመከፈቱ ነበር። በሌሎቹ ላይ ደግሞ ኤጀንቱ (በየመሣሪያው ላይ ተጭኖ መረጃ የሚሰጠው የዛቢክስ ፕሮግራም) የሁለተኛውን ኖድ አድራሻ ጨርሶ አያውቀውም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ኖድ ሲጠይቀው እንደ እንግዳ ይመልሰዋል።

የኤጀንቱ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነውና። ኤጀንቱ ጥያቄ እንዲቀበል የምትፈቅዱላቸውን ሰርቨሮች በምትጽፉበት መስመር ላይ አድራሻዎቹ የሚለያዩት በኮማ ነው። ኤጀንቱ ራሱ መረጃ የሚልክላቸውን በምትጽፉበት መስመር ላይ ግን የአንድ ክላስተር ኖዶች የሚለያዩት በሴሚኮለን ነው፤ እዚያ ላይ ኮማ ካስገባችሁ ኤጀንቱ ሁለት የማይተዋወቁ ሰርቨሮች እንዳሉ አድርጎ ይቆጥራል። እኛ በሁለቱም መስመሮች ላይ ኮማ አድርገን ስለነበር፣ ሎጎቹ (ፕሮግራሙ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍባቸው መዝገቦች) ተጠባባቂውን ኖድ ማግኘት አልቻልኩም በሚል ስሞታ ተሞልተው፣ ባለሙያዎቻችንም ያንን ስሞታ ማንበብ ትተው ነበር። ለእኔ ከባዱ ጉዳት ይህ ሁለተኛው ነው።

በዚያው እሑድ ያገኘነው የመጨረሻው ጉድለት ከሁሉም ይበልጥ አሳዘነኝ። ሁለተኛው ኖድ ችግሮቹን በትክክል ለይቶ ገጹ ላይ በቀይ አሳይቷል፤ ለማንም ግን መልእክት አልላከም። የኤስኤምኤስ መላኪያ ስክሪፕቱ የነበረው አንደኛው ኖድ ላይ ብቻ ነበር፤ የኢሜይል ሰርቨራችንም መልእክት የሚቀበለው ከአንደኛው ኖድ አድራሻ ብቻ ነበር። ዳታቤዙ የጋራ ቢሆንም ስክሪፕቶች፣ ተጨማሪ ድራይቨሮች፣ የምስጠራ ቁልፎችና የፋየርዎል ፈቃዶች የጋራ አይደሉም። ያን ጊዜ ስክሪፕቱን ለእጄ እንደሚመቸኝ ጭኜው የተውኩት እኔው ራሴ ነኝ። አሁን ሁለቱንም ኖዶች የምናዋቅረው አንሲብል በተባለ ሰርቨሮችን አንድ ዓይነት አድርጎ በሚያዋቅር መሣሪያ ነው፤ በእጅ የሚነካ ፋይል የለም። ልምምዱም መልእክቱ የተረኛው ባለሙያ ስልክ ላይ ካልደረሰ ተሳካ አይባልም።

ለክልል ቅርንጫፎች በየአካባቢው የዛቢክስ ፕሮክሲ፣ ማለትም የአካባቢውን መረጃ ሰብስቦ ለዋናው ሰርቨር የሚያስተላልፍ ወኪል፣ አቁመናል። ፕሮክሲው ከዋናው ጋር ሲቆራረጥ መረጃውን ይዞ ይቆያል፤ ነገር ግን ተለምዷዊው የማቆያ ጊዜ 1 ሰዓት ብቻ ነው። መስመራቸው ግማሽ ቀን ለሚጠፋባቸው ከተሞች ይህ ምንም ማለት አይደለምና እኛ ወደ 72 ሰዓት ከፍ አድርገነዋል፤ የፕሮክሲውን ዲስክም በዚያው ልክ አስፍተናል። በስሪት 7.0 ላይ ደግሞ ፕሮክሲዎችን በቡድን አደራጅቶ አንዱ ሲወድቅ መሣሪያዎቹ ወደ ሌላው እንዲዞሩ ማድረግ ይቻላል፤ ገና እየሞከርነው ስለሆነ ምክር ለመስጠት አልደፍርም።

አንድ ሌላ ነገር፣ በተለይ ለእኛ አገር ሰዎች። ሰርቨሮቻችን ሎግ የሚጽፉት በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው፤ ባለሙያዎቻችንና የጥበቃ ሠራተኞች የሆነውን የሚነግሩን ግን በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከ17 የሚለው ቃል ሎጉ ላይ 00:17 ነው። ከአንድ ብልሽት በኋላ የትኛው ነገር ቀደመ በሚል ግማሽ ቀን የተከራከርነው በተለያየ ሰዓት አቆጣጠር እየተነጋገርን ስለነበር ነው። ሁሉንም ማሽኖች ክሮኒ በተባለው የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም ከአንድ የሰዓት ምንጭ ጋር አስተካክሉ፤ የብልሽት ዘገባ በምትጽፉበት ወረቀት ላይም ሁለት ዓምድ አድርጉ፣ አንዱ የሎጉን ሰዓት፣ ሌላው ሰው የነገራችሁን የሚይዝ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የክትትል ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ዕድል አለ። ስለዚህ ከክላስተሩ ጋር ምንም ነገር የማይጋራ፣ በሌላ የኢንተርኔት መስመር ላይ ያለና የራሱ የኤስኤምኤስ ሞደም ያለው ትንሽ ማሽን አስቀምጠናል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ክላስተሩ በየ5 ደቂቃው «አለሁ» የሚል ምልክት ይልክለታል፤ ሁለት ምልክት በተከታታይ ከቀረ ለሦስት ሰዎች መልእክት ይልካል። ምልክቱ የሚላከው በማስጠንቀቂያ መላኪያው መንገድ ራሱ ስለሆነ፣ ዳታቤዙም ኖዱም ስክሪፕቱም ደኅና ካልሆኑ አይደርስም። ጠዋት ጠዋትም ሁሉም ደኅና ነው የሚል አንድ መልእክት ይልክልናል፤ ያ መልእክት የቀረበት ቀን ማሽኗ ራሷ ታማለች ማለት ነው።

ባለፈው ግንቦት ዋናው ሕንፃ ለኤሌክትሪክ ጥገና ቀኑን ሙሉ ጨለማ ሆኖ ዋለ። የዳታቤዙ መሪነት ወደ ማዶው ሕንፃ ተሻገረ፣ ሁለተኛው ኖድ ንቁ ሆነ፣ የቅርንጫፎቹ መረጃ ሳይቋረጥ ገባ። እኔ ይህን ያወቅሁት ሐዋሳ ሆኜ፣ ስልኬ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሲጮኽ ነው። የመጀመሪያው መልእክት አንደኛው ኖድ እንደማይገኝ፣ ሁለተኛው የዳታቤዙ መሪ እንደተቀየረ፣ ሦስተኛው ቢጫው ዩፒኤስ ባትሪ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ለተረኛዋ ባለሙያ ደወልኩላት፤ ሦስቱም እንደደረሷትና ሰዓታቸውን በሁለቱም ዓምድ እየጻፈች እንደሆነ ነገረችኝ።